አራት ከሃያ በሦስት ከስልሳ

የውሃ መሥሪያ ቤቱን ነዳፊ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። አለቃውም፣ ጥበቃውም፣ ትናንት የተቀጠሩት መሐንዲሶችም "ማስመሪያው" ነው የሚሉት፤ ወጣቶቹ ለአክብሮት ያህል "ጋሼ" ይጨምሩበታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አልተሳሳተም። ሰውየው ሲቆም ቀጥ፣ ሲቀመጥ ቀጥ፣ ሲናገርም ቀጥ ነው። ሻይ ሲመጣለት ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሳያስተካክል አይጠጣም። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባው የሠርግ ጥሪ ካርድ ቢሰጠው፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለቱ በፊት "ይሄ ጽሑፍ በግራ በኩል ሁለት ሚሊ ወርዷል" ብሎ ሙሽራውን ፊቱን አስጠቁሮታል።

ይህ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲስል ኖረ። መጀመሪያ በቀለም ብዕር፣ ኋላ በኮምፒዩተር። የከተማው ውሃ በየት ገብቶ በየት እንደሚዞር፣ የትኛው ቧንቧ በየትኛው መንገድ ሥር በስንት ሜትር ጥልቀት እንደተኛ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሥራ የት ገባ? ተቀበረ! ንድፉ ሲያልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ቧንቧው ይገባል፣ አፈር ይለብሳል፣ አስፋልት ይደረብበታል። ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የራሱን ቀብር ይቀበራል። ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ልጁን እጇን ይዞ "ያንን እኔ ነኝ የሳልኩት" ይላል፤ ማስመሪያው ልጁን ይዞ ወዴት ይሂድ? ትንሽ ሳለች አንድ ቀን መንገድ ዳር አቁሟት "እዚህ ሥር የአባትሽ ሥራ አለ" ቢላት፣ ወደ ታች አየች፣ አየችና "የታለ?" አለችው። ያቺ "የታለ" ከሆዱ ወጥታ አታውቅም።

ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ሲቀረው ነገሩ ያንገበግበው ጀመር። ሹመት አላማረውም፣ ሽልማትም አላማረውም። አንድ ንድፍ፣ አንድ ብቻ፣ ከመሬት በላይ የሆነ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው ንድፍ ሠርቶ መውጣት ፈለገ። ይህን ለማንም አልተናገረም። ግን ልጁ ታውቃለች፤ ልጅ መቼም የአባቷን ሆድ ታውቃለች።

ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስልኳን አውጥታ ስለ አንድ ዓለም አቀፍ የዲጂታል ሥነ ጥበብ ውድድርና ዐውደ ርዕይ አነበበችለት። ከየአገሩ ሰው በኮምፒዩተር የሠራውን ሥራ በኢንተርኔት ይልካል፣ ዳኞች ይመርጣሉ፣ የተመረጠው በትልቅ አዳራሽ ለሕዝብ ይታያል። መመዝገቢያው በነፃ ነው፣ የቀረው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ማስመሪያው ሳቀ። እኔ ሠዓሊ ነኝ እንዴ አለ፣ ዛፍ እንኳ መሳል አልችልም አለ። ልጅቱ ግን የዋዛ አይደለችም። በኮምፒዩተር የተሠራ ሁሉ ይገባል ነው የሚለው፣ አንተ ደግሞ በኮምፒዩተር ስትስል ሃያ ዓመት አልፎሃል ብላ አፉን አስያዘችው። ምሳው ሲነሳ ማስመሪያው ሳህኖቹን በመጠን ሲደረድር ነበር፤ ያኔ ነው ነገሩ ልቡ እንደገባ ልጅቱ ያወቀችው።

ምን ይሳል? ቧንቧ እንዳይስል የከተማው የቧንቧ ካርታ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ እሱ ደግሞ ያለ ፈቃድ እስክሪብቶ እንኳ ከቢሮ አያወጣም። ሌላ የሚያውቀው ነገር ምን አለ? ቀና ብሎ የተቀመጠበትን ክፍል አየ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ክፍል ነው፤ ሳሎንም ነው፣ ምግብ ቤትም ነው፣ የሚስቱ ሥራ ቦታም ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በአንድ ጥግ፣ ጨርቅ የምትቆርጥበት ረጅም ጠረጴዛ በመስኮቱ ሥር። በሌላው ጥግ የዕቃ ማጠቢያና ቧንቧ፣ አጠገቡ ሦስት ጀሪካን። ጀሪካኑ የግድ ነው፤ ምክንያቱም የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነዳፊ ቤት ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ጎረቤት ይህን ሲያነሳበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ውሃው ሊመጣ ሲል ቧንቧው እንደ ሰው ማሳል ሲጀምር ሚስቱ የያዘችውን መቀስ ጥላ ትሮጣለች፣ ሦስቱንም ትሞላለች። እሱ በሠላሳ ዓመት አንድ ጀሪካን ሞልቶ አያውቅም። ለምን ሲባል "መስመሩን እኔ ነድፌዋለሁ" ይላል፣ የሥራውን ግማሽ የጨረሰ ይመስል!

ክፍሉን ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ አድርጎ ለመንደፍ ቆረጠ። እዚህ ላይ የነዳፊዎችን አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር የሚነድፍ ሰው ነገሩን አሳንሶ አይስልም፤ በእውነተኛ ልኩ ነው የሚስለው። አሥር ሜትር ቧንቧ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አሥር ሜትር ነው። የሚያንሰው ኋላ ወረቀት ላይ ሲታተም ነው። ማስመሪያውም በልጁ ላፕቶፕ ላይ እንደ ልማዱ ክፍሉን በልኩ ጀመረ፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ከስልሳ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት እሑድ እሑድ ሰላም አልነበረም። ሜትሩን ይዞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የወንበሩን እግር ለካ፣ የበሩን መክፈቻ ዙር ለካ፣ የወለሉን ስንጥቅ ተከትሎ እስከ ቡፌው ሥር ተሳበ፣ እዚያ ያገኘውን የአይጥ ቀዳዳም ለካ። የሚስቱን የቁልፍ ቆርቆሮ ዘርግፎ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሸሚዝና የኮት ቁልፍ አንድ በአንድ ለካና ሳለ፤ ቀዳዳው ሁለት የሆነውን በሁለት፣ አራት የሆነውን በአራት። ከወለሉ በታች ያለውን የውሃ ቧንቧ እንኳ አልተወውም። እሱን ግን በተቆራረጠ መስመር ነው የሳለው። በእነሱ ሙያ ያለ ግን የማይታይ ነገር የሚሳለው እንደዚያ ነው። ወደ መኝታ ቤቱ ሜትሩን ይዞ ሊዘልቅ ሲል ሚስቱ መንገድ ላይ ቆመች። እዚያ ከገባህ አልጋውን ብቻህን ትለካዋለህ አለችው። መኝታ ቤቱ ቀረ።

መመዝገቢያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ማስመሪያው እንደ ልማዱ በንድፉ ግርጌ ሣጥኖቹን ሠራ። የትም መሥሪያ ቤት ንድፍ ግርጌ "የነደፈው"፣ "የመረመረው"፣ "ያጸደቀው" የሚል ሣጥን አለ። ሁለተኛ ሰው መርምሮ ያልፈረመበት ንድፍ ከክፍሉ አይወጣም፤ ማስመሪያው በሠላሳ አራት ዓመት ይህን ሕግ አንድ ቀን አልጣሰም። "ያጸደቀው" የሚለውን ሰረዘው፤ በዚያ ቤት አጽዳቂ ማን እንደሆነ ለመጻፍ አልደፈረም። "የመረመረው" ግን የግድ መሞላት አለበት። ክፍሉን ከሚስቱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የልጁን ላፕቶፕ አዙሮ ሰጣትና መርምሪልኝ አላት።

ሚስቱ መነፅሯን አድርጋ መረመረች። የዋዛ መርማሪ እንዳትመስላችሁ፤ የልብስ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የጠረጴዛዋን ወርድ እንደገና ለካች፣ ቁልፎቹን ቆጠረች፣ የመኪናዋን ጎማ አየች። ስህተት አላገኘችም። ከዚያ መነፅሯን አወለቀች።

"እኔስ የታለሁ?" አለችው።

ማስመሪያው ጥያቄው አልገባውም። ሰው በንድፍ ውስጥ አይገባም ብሎ አስረዳት። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይለካም፣ የማይለካ አይሳልም። ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቁልፍ ገባ፣ የአይጥ ቀዳዳ ገባ፣ ከመሬት በታች ያለ ቧንቧ ገባ፣ እኔ አልገባሁም፤ ስለዚህ ንድፉ ጎደሎ ነው፣ በጎደሎ ላይ አልፈርምም አለች። ተነሥታም ወደ መኪናዋ ሄደች። መኪናው ከወትሮው ጠንከር ብሎ ሲንኳኳ ዋለ።

በማግስቱ ማስመሪያው ከቢሮ ሲመለስ አንድ መላ ይዞ መጣ። ጨርቅ በምትቆርጥበት ቦታ፣ ጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ የሁለት እግር ቅርፅ ሳለ። የሚስቱን እግር ቁጥር ያውቃል፤ ሠላሳ ስምንት ነው። ግን ቆማ ስላላያት፣ ማለትም ሲስል እዚያ ስላልነበረች፣ በተቆራረጠ መስመር ሳለው። በኩራት አሳያት። ሚስቱ ቁርጥራጩን መስመር በጣቷ ነካች። ይሄ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች፤ እሱ ደግሞ መዋሸት አያውቅም።

"ያለ፣ ግን የማይታይ ማለት ነው" አላት።

ኧረ ምነው አፉን በያዘው ነበር! ሚስቱ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ሠላሳ ዓመት እዚህ ቆሜ፣ የልጅህን የትምህርት ቤት ልብስ እዚህ ቆሜ ቆርጬ፣ ያንተን ሱሪ እዚህ ቆሜ አሳጥሬ፣ ከቧንቧህ እኩል አደረግኸኝ አለችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማስመሪያው ሲጨንቀው ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሜትሩን አነሣ።

ሊለካ የፈለገው ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም ነበር። ጠረጴዛው ፊት ተንበርክኮ ወለሉን አየ። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ቀይ ሊሾ፣ በየቦታው ያብረቀርቃል። ጠረጴዛው ፊት ግን በሁለት ቦታ ቀለሙ ለቆ፣ ሲሚንቶው ግራጫ ሆኖ፣ ጎድጎድ ብሏል። ጉንጩን መሬት ላይ አስደግፎ በአንድ ዓይኑ አየው። ሁለት ጉድጓድ ነው፤ የሁለት እግር። ቀኙ ወደ ውጭ ዞር ያለ፣ ምክንያቱም ሚስቱ ስትቆርጥ በቀኝ እግሯ ነው የምትደገፈው። ስንጥቁን ለክቷል፣ ቀዳዳውን ለክቷል፤ በዚህ ላይ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲረግጥበት ከርሟል። አፈረ። የብረት ማስመሪያውን ጉድጓዱ ላይ አጋድሞ ጥልቀቱን ለካ፤ ግራው ሦስት ሚሊ፣ ቀኙ አምስት ሚሊ። ሠላሳ ዓመት የቆመች ሴት ሲሚንቶ ትበላለች! በተቆራረጠ መስመር የሳለውን አጠፋና ጉድጓዶቹን በሙሉ መስመር፣ በወፍራም መስመር ሳላቸው። ጥልቀታቸውን በቁጥር ጻፈባቸው።

ሚስቱ አየችው። ከወንበሯ ተነሥታ እግሮቿን ወለሉ ላይ ባሉት ጉድጓዶች አኖረች፤ ወደ ታች አየች፣ ወደ ስክሪኑ አየች። ከላፕቶፑ ማውስ ጋር እየታገለች "የመረመረው" የሚለው ሣጥን ውስጥ ፈረመች። ፊርማዋ ከሣጥኑ ወጥቷል፤ ማስመሪያው አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ቅጹን ራሱ ሞላው። ርእስ፦ "መኖሪያ ክፍል፣ የወለል ንድፍ፣ ቁጥር 1"። መግለጫ፦ "ሁሉም ተለክቷል"። የሥራው መጠን ለሚለው 4.20 ሜትር በ3.60 ሜትር ብሎ ጻፈና ላከው። ልጁ ከሥራ ስትመለስ የላከውን አየችና እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ቅጹ የጠየቀው ሥዕሉ ስክሪን ላይ የሚኖረውን መጠን ነበር፤ እሱ የክፍሉን መጠን ነው የጻፈው። አንዴ የተላከ ደግሞ አይታረምም።

ማስመሪያው ያን ዕለት እራት አልበላም። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቁጥር ሳይሳሳት ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ስህተት በዓለም ፊት ሠራ! ሚስቱ ብታጽናናው፣ ልጁ ሳላግዝህ ቀርቼ ነው ብላ ይቅርታ ብትለው እሱ ወይ ፍንክች። ቢሮም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ያቺ አንዷ ንድፍ እንደ ሌሎቹ ተቀበረች ብሎ ቆረጠ፤ የጡረታ ቀኑንም ይቆጥር ጀመር።

ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ መልስ መጣ። ልጁ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። አዘጋጆቹ መጀመሪያ መጠኑን ሲያዩ ስህተት መስሏቸው ሥራውን ሊጥሉት ነበር። ኋላ ከዳኞቹ አንዷ ፋይሉን ከፍታ ብትለካው፣ ከበሩ እስከ ትንሿ የሸሚዝ ቁልፍ ሁሉም በእውነተኛ ልኩ ሆኖ አገኘችው። ስለዚህ ንድፉን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ በሙሉ መጠኑ አትመን አዳራሹ ወለል ላይ ልናነጥፈው እንፈልጋለን፣ የእርስዎም ሐሳብ ይኸው ነበር ወይ? ይላል ደብዳቤው።

ልጅቱ ዘለለች። አዎ በል፣ ሐሳቤ ነበር በል አለችው። ሚስቱም በጄ በል አለች። ማስመሪያው ግን ቀጥ ነው አልኳችሁ። ሐሳቤ አልነበረማ! አለ። ልጁ ለመነችው፤ እውነቱን ከነገርካቸው ሊተዉት ይችላሉ፣ በእጅህ የገባውን አትጣል አለችው። እሱም ፈራ። ሠላሳ አራት ዓመት የተመኘው ነገር በአንዲት "አዎ" ብቻ በእጁ ሊገባ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ተንቆራጠጠና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። የጻፈው ይህችን ብቻ ነው፦

"ቅጹን ስሞላ ተሳስቻለሁ። ልኩ ግን ትክክል ነው።"

ልጅቱ የላከችው ዓይኗን ጨፍና ነው። ከአራት ቀን በኋላ የመጣው መልስ ከዚህም ያጥር ነበር፤ እናነጥፈዋለን ይላል።

ጡረታ ወጣ። በሽኝቱ ላይ ባልደረቦቹ የብረት ማስመሪያ በፍሬም አድርገው ሰጡት፤ አብሯቸው ሳቀ፣ ፍሬሙ መንጋደዱንም ነገራቸው። በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዐውደ ርዕዩ ተከፈተ። እዚያ ድረስ መሄጃ የለውም፤ አዘጋጆቹ ግን አዳራሹን በቪዲዮ በቀጥታ ያሳያሉ። ልጁ ላፕቶፑን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሦስቱም ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው ሰው ክፍላቸው ውስጥ ሲመላለስ ያያሉ።

መጀመሪያ የገባው ወጣት ከቡፌው በኩል ሰተት ብሎ አለፈ። ማስመሪያው ደሙ ፈላ፤ ይሄ ባለጌ በግድግዳ ገባ አለ። ከኋላው የመጡ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች ግን ጠርዙ ላይ ቆም አሉ። የበሩን መክፈቻ ዙር ሲያዩ ተያዩና ዞረው በበሩ ገቡ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በበሩ ነው የገባው። አንዱ ቁልፎቹን ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፣ አንዷ ስንጥቁን ተከትላ እስከ ቡፌው ሄደች። ማስመሪያው ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል፣ ደስታው ፊቱ ላይ ተዘረገፈ። ሰው ቆሞ ሥራውን እያየ ነው። ልጁ ትከሻውን ያዝ አድርጋ "ይኸውልህ አባዬ፣ አገኘሁት" አለችው፤ ያቺን የጥንቷን ጥያቄ እሷም አልረሳቻትም ኖሯል።

ከዚያ አንዲት ሸበት ያለች ሴት ብቻዋን በበሩ ገባች። ቁልፎቹን አለፈች፣ መኪናውን አለፈች፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ታች አየች። ሦስት፣ አምስት የሚሉትን ቁጥሮች ሳታነብ አልቀረችም። ቀስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሮቿንም በጉድጓዶቹ ሥዕል ላይ አኖረች።

"ቀኙን ወደ ውጭ" አለች ሚስቱ፣ ለስክሪኑ።

ሴትየዋ ንድፉን ተከትላ ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ አዞረች። መስኮቱ ወዳለበት አቅጣጫ ቀና ብላ ቆመች። ብዙ ቆመች። ከኋላዋ ሰዎች መጡ፣ ጠበቋት፣ አልፈዋት ሄዱ፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሚስቱ አፏን በመሐረቧ ይዛ ነበር። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

"እኔ ቦታ ቆመች" አለች። "እዩዋት፣ እኔ ቦታ ቆመች።"

ማስመሪያው ስክሪኑን ማየት ትቶ ነበር። የሚያየው ሚስቱን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው እንዲያይለት የተመኘው መስመሩን ነበር፤ ሰው ጫማውን አውልቆ የቆመበት መስመር ደግሞ እሷ ተጣልታው ያስጨመረችው ነው። ይህን ሊነግራት ጠጋ አለ።

በዚህ መሀል ጥግ ያለው ቧንቧ አሳለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ማስመሪያው እንደ ልማዱ ሚስቱን አየ፤ ንቅንቅ አላለችም።

"ውሃ መጣ" አላት።

"ሰምቻለሁ" አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "ሂድ ቅዳ። እኔ እዚያ ቆሜያለሁ።"

ማስመሪያው ተነሣ። ጠረጴዛው ፊት ያሉትን ሁለት ጉድጓዶች ሳይረግጥ ዞሮ አለፈና ጀሪካኖቹን አነሣ።